ሞርሞኖች ከሌላው ክርስቲያን የሚለዩት የት ላይ ነው?

ደሴ ውስጥ ስለ ሞርሞኖች የሚነሳ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በስልክ ነው። አሜሪካ ያለች የአክስት ልጅ ትደውላለች። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ክራባት ያሰሩ፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር ባጅ የለጠፉ ሁለት ወጣቶች ቤቷ መጥተዋል። በትህትና አውርተው፣ መጽሐፍ ሰጥተዋት ሄደዋል። "ክርስቲያን ናቸው ወይስ ምንድን ናቸው?" ትላለች። እዚህ ያለው ቤተሰብ ያወጣል፣ ያወርዳል። አንዱ "ብዙ ሚስት የሚያገቡት ናቸዋ!" ይላል። ሌላው "ጆቫ ናቸው" ይላል። ቲክቶክ ላይ የቆየው ደግሞ "ኦንሊ ጂሰስ ናቸው" ብሎ ይዘጋዋል።

ሦስቱም መልስ ስህተት ነው። ይሄ ያሳስበኛል። የሰውን እምነት አልቀበልም ማለት መብት ነው። ያላመነውን አምኗል ብሎ መንቀፍ ግን ነውር ነው። ደሴ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። እዚህ በአንድ ቤት ሀጂም ቄስም ዘመድ ይገኛል። የሌላውን እምነት በልኩ ማወቅ ለእኛ ትርፍ እውቀት አይደለም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ማን እንዳልሆኑ እንለይ። ጆቫ የምንላቸው የይሖዋ ምስክሮች ኢየሱስ ከሁሉ በፊት የተፈጠረ ነው ይላሉ። ኦንሊ ጂሰስ የሚባሉት ደግሞ አብም፣ ወልድም፣ መንፈስ ቅዱስም ያው አንዱ ኢየሱስ ነው ባዮች ናቸው። ሞርሞኖች ከሁለቱም ጋር አይገጥሙም። ከኦንሊ ጂሰስ ጋርማ ጭራሽ ተቃራኒ ናቸው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ። ሙሉ መጠሪያቸው "የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን" ነው። ሞርሞን የተባሉት "መጽሐፈ ሞርሞን" በሚሉት ቅዱስ መጽሐፋቸው ነው። ከ2018 ወዲህ አመራራቸው በሙሉ ስማችን ጥሩን እያለ አጥብቆ ይጠይቃል። እዚህ ሞርሞን የምለው ሰው በሚያውቃቸው ስም ለመግባባት እንጂ ለመናቅ አይደለም። የአሜሪካውን ታሪክ ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የብዙ ሚስት ነገር እውነት ነበር፤ አሁን ግን አይደለም። በ1852 በይፋ አስተማሩት። በ1890 የወቅቱ መሪያቸው በአዋጅ አስቆሙት። ዛሬ ሁለተኛ ሚስት ያገባ አባል ከቤተ ክርስቲያኗ ይባረራል። በፊልም የምናያቸው ባለብዙ ሚስቶች ከዋናዋ ተገንጥለው የቀሩ ትናንሽ ቡድኖች ናቸው። ደሴ ላይ ሁለት ሚስት ያለው ጎረቤት ብርቅ ስላልሆነ ይሄኛውን ቶሎ ልለፈው።

ዋናው ልዩነት ሚስትም፣ ቡናም፣ ልብስም አይደለም። ልዩነቱ "ጠፍታ ነበር" የሚለው ነው። የክርስቶስ እውነተኛ ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት ሞት በኋላ ከምድር ጠፍታ ነበር፣ በ1830 ኒውዮርክ ውስጥ እንደገና ተመለሰች ይላሉ። የቀረው ሁሉ፣ ነቢዩም፣ መጽሐፉም፣ ስለ እግዚአብሔር የሚያስተምሩትም፣ ለሙታን የሚያጠምቁትም ከዚህ ይቀዳል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጆሴፍ ስሚዝ በ1805 ቨርሞንት ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ገጠር ሄደ። ያኔ አካባቢው በሰባኪዎች ፉክክር የታመሰ ነበር። ሜቶዲስቱ ወደ እኔ ና ይላል፣ ፕሬስቢቴሪያኑ ወደ እኔ ይላል፣ ባፕቲስቱም እንዲሁ። ልጁ ግራ ገባው። በ1820 ገና የ14 ዓመት ልጅ እያለ ጫካ ገብቶ የትኛው ነው ልክ ብሎ ጸለየ። አብና ወልድ በብርሃን ተገለጡልኝ፣ ወደ የትኛውም እንዳትገባ፣ ሁሉም ስተዋል፣ የእምነት ድንጋጌያቸውም በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው ተባልኩ ይላል። ከዓመታት በኋላ ሞሮኒ የሚባል መልአክ የወርቅ ሰሌዳዎች የተቀበሩበትን አሳየኝ፣ በ1827 ተረከብኳቸው፣ በእግዚአብሔር ኃይል ተረጎምኳቸው አለ። መጽሐፉ በ1830 ታተመ። ሚያዝያ 6 ቀን በዚያው ዓመት ቤተ ክርስቲያኗ ተመሠረተች። ስሚዝ በ1844 ኢሊኖይ ውስጥ እስር ቤት እያለ በሕዝብ መንጋ ተገደለ። ተከታዮቹ በብሪገም ያንግ መሪነት በረሃውን አቋርጠው በ1847 ዛሬ ሶልት ሌክ ሲቲ ያለችበት ሸለቆ ደረሱ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኗ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉኝ ትላለች።

አሁን "ጠፍታ ነበር" የሚለውን ሃሳብ ደሴ ላይ ሆነን እንመልከተው።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንሄድ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ስንቆጥር አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ላይ እንደርሳለን፤ 4ኛው መቶ ዘመን ላይ። እሳቸውን ጳጳስ አድርጎ የሾማቸው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። አትናቴዎስ ደግሞ በ325 ኒቂያ ላይ ሠለስቱ ምዕት ሲሰበሰቡ ዲያቆን ሆኖ የነበረ ሰው ነው። ለኦርቶዶክሱ ይሄ ሰንሰለት የታሪክ ጌጥ አይደለም። ቄሱ ዛሬ ጠዋት የሚቀድሰው በዚያ ሰንሰለት በተቀበለው ክህነት ነው። ሞርሞኖች የሚሉት ሰንሰለቱ ከመነሻው ተበጥሶ ነበር ነው። ክህነቱ የተመለሰው በ1829 መጥምቁ ዮሐንስ፣ ቀጥለውም ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ከሰማይ መጥተው በስሚዝ ላይ እጃቸውን ሲጭኑ ነው ይላሉ። እንግዲህ እነሱ ልክ ከሆኑ ሐይቅም፣ ላሊበላም፣ ግሸንም ክህነት በሌላቸው ሰዎች እጅ ነበሩ ማለት ነው።

አንድ የኔታን ስለዚህ ጠይቄያቸው ነበር። ብዙም አላመነቱም። "ልጄ፣ ጠፋች ካልክ 'የገሃነም ደጆችም አይችሉአትም' ያለውን ጌታ ምን ልታደርገው ነው?" አሉኝ። ማቴዎስ 16 ቁጥር 18 ነው። የሞርሞን አስተማሪ ቢሆን ደግሞ ሁለተኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 2ን ይጠቅሳል፤ የጌታ ቀን ከመምጣቱ በፊት ክህደት እንደሚመጣ የሚናገረውን። አሞጽ 8 ላይ የእግዚአብሔርን ቃል ካለመስማት የተነሳ ስለሚሆነው ረሃብም ያነሳል። ሁለቱም ጥቅስ አላቸው። እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። የመጥፋቱ ታሪክ የተነገረው የአውሮፓንና የአሜሪካን ክርስትና እያየ ላደገ ሰው ነው። ሮምን፣ ሉተርን፣ ካልቪንን አይቶ "ተበላሽቷል" ማለት ለእሱ ቅርብ ነበር። በሮምም ሆነ በሉተር እጅ ሳታልፍ ስትቀድስ፣ ስትጾም፣ ስታዜም የኖረች የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን ግን በዚያ ጫካ ውስጥ በተጸለየው ጥያቄ ውስጥ የለችም። መልሱ እሷንም ይመለከታል ከተባለ ተጨማሪ ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

የጴንጤው ወንድማችን እዚህ ላይ መሀል ይቆማል። ሉተርም "ቤተ ክርስቲያን ተበላሽታለች" ብሏል። ግን ትታደስ አለ እንጂ ጠፍታለች፣ አዲስ ነቢይና አዲስ መጽሐፍ ያስፈልጋል አላለም። መካነ ኢየሱስም፣ ሙሉ ወንጌልም፣ ቃለ ሕይወትም መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ሞርሞኖችን "አንድ የፕሮቴስታንት ክፍል" ማለትም አይሄድም። እነሱ ራሳቸውም አንቀበለውም ይላሉ።

ቀጥሎ ስለ እግዚአብሔር ማንነት። ዋናው ነገር እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ እንበል።

ሰንበት ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን ሁሉ ይሄን ያውቀዋል፤ ሥላሴ በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት፣ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በህልውና አንድ። ሞርሞኖች የመጀመሪያውን ግማሽ ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አብ ሌላ ነው፣ ወልድ ሌላ ነው፣ መንፈስ ቅዱስ ሌላ ነው፤ አዎ። የሚለዩን ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ሦስቱ አንድ የሆኑት በፈቃድ፣ በፍቅርና በሥራ ነው ይላሉ እንጂ በባሕርይ አንድ አምላክ ናቸው አይሉም። አብ እንደ ወልድ ሁሉ ሥጋና አጥንት ያለው፣ የከበረ አካል አለው ብለውም ያስተምራሉ። መንፈስ ቅዱስ ብቻ የመንፈስ አካል ነው። ኦንሊ ጂሰስ ሦስቱን ወደ አንድ ሲጨፈልቅ እነዚህ አንዱን ለሦስት ይለያሉ። ተቃራኒ ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው።

ጸሎተ ሃይማኖት ላይ ስለ ወልድ "በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል" የሚለው ቃል ኒቂያ ላይ ወልድ ፍጡር ነው ላለው ለአርዮስ መልስ እንዲሆን የተቀመጠ ነው። ጉባኤው በ2025 1700 ዓመት ሞላው። ኦርቶዶክሱ በየቅዳሴው ይለዋል፣ ካቶሊኩ ይለዋል፣ አብዛኛው ፕሮቴስታንትም ይቀበለዋል። ለሞርሞኖች ግን ከሐዋርያት በኋላ በፍልስፍና የተጻፈ የሰው ድንጋጌ ነው።

ይሄ ምን ያህል ትልቅ ልዩነት እንደሆነ ለማየት ቦሩ ሜዳን ማሰብ ይበቃል። ዛሬ በሆስፒታሉ የምናውቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገበት ነው። ክርክሩ ሁለት ልደት ወይስ ሦስት ልደት የሚል ነበር። ሦስት ልደት ያሉት ተረቱ። የተጣሉበት ነጥብ ዛሬ ለብዙው ምእመን ረቂቅ ነው። ያም ሆኖ ረቺውም ተረቺውም ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ይደግም ነበር። በሥላሴ አንድነት ላይ አንዳቸውም አልተጣሉም። ያ ሁሉ ሙግት የተካሄደው አንድ ቤት ውስጥ ነው። የሞርሞኖች ጥያቄ ግን ቤቱ ራሱ ትክክል አይደለም የሚል ነው።

ቦሩ ሜዳ ሌላም ነገር ያስታውሰናል። ከጉባኤው ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። እምነቱን አልለቅም ብሎ የተሰደደና የሞተ ሰውም ብዙ ነው። በሃይማኖት ጉዳይ ከክርክር አልፎ ጉልበት ሲገባ ምን እንደሚሆን ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ልዩነቱን በግልጽ መናገሬ ማንንም ለማሳደድ ሰበብ እንዲሆን አልፈልግም።

ስለ ሰውም የሚያስተምሩት ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሰው ከመወለዱ በፊት በእግዚአብሔር ዘንድ በመንፈስ ይኖር ነበር፤ ሁላችንም የሰማይ አባት የመንፈስ ልጆች ነን፤ የሰማይ እናትም አለችን ይላሉ። ኢየሱስ የበኩር ነው። ከሞት በኋላ ሦስት የክብር ደረጃዎች አሉ። ከፍተኛው ላይ የደረሰ ሰው እንደ እግዚአብሔር ወደ መሆን ያድጋል። ስሚዝ ከመሞቱ በፊት በ1844 ባደረገው ስብከት እግዚአብሔርም አንድ ጊዜ እንደ ሰው ነበር ብሏል። እዚህ ላይ አንዳንዱ "የእናንተስ አትናቴዎስ እሱ ሰው የሆነው እኛን አምላክ ሊያደርገን ነው ብሎ የለም?" ይላል። ብሏል። ግን አትናቴዎስ ሲል ፍጡር በጸጋ ከፈጣሪ ሕይወት ይካፈላል ማለቱ ነው። ፈጣሪና ፍጡር ምንጊዜም የተለያዩ ናቸው። ሞርሞኖች ሲሉ ሰውና እግዚአብሔር ከአንድ ዘር ናቸው፣ ልዩነቱ የእድገት ነው ወደ ማለት ይቀርባሉ። ቃሉ ቢመሳሰልም ነገሩ ለየቅል ነው።

ይሄን ለሙስሊም ወዳጆቼ ሳወራ መልሳቸው ቶሎ ነው የሚመጣው። ለአላህ አምሳያ የለውም። ከነቢዩ ሙሐመድ በኋላም ነቢይ የለም። ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤውና ሙስሊሙ በሌላ ነገር ብዙ ይለያያሉ። አዲስ ነቢይ ላይ ሲደርሱ ግን ሦስቱም "ቆይ" ይላሉ።

መጽሐፉንስ? መጽሐፈ ሞርሞን በአማርኛም ተተርጉሟል፣ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት ገደማ በፊት ከኢየሩሳሌም ወጥቶ በባሕር ወደ አሜሪካ ስለተሻገረ ቤተሰብ ይተርካል። ዘሮቹ ለሁለት ተከፍለው ይዋጋሉ። ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ እዚያ ተገልጦ ያስተምራቸዋል። በመጨረሻ አንደኛው ወገን ያልቃል፣ ኋላ መልአክ ሆኖ ለስሚዝ ተገለጠ የሚባለው ያው ሞሮኒ ታሪኩን ይቀብረዋል። ከዚህ ሌላ ሁለት መጻሕፍት አሏቸው፤ "ትምህርትና ቃል ኪዳኖች" እና "የታላቅ ዋጋ ዕንቁ"። መጽሐፍ ቅዱስንም ይቀበላሉ፣ በትክክል እስከተተረጎመ ድረስ ብለው።

"እናንተም እኮ 81 ነው ያላችሁ፣ ሌላው 66 ሲል" የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ እኛ ጋ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ መቆየቱም ይነሳል። የሚገርመው ሞርሞኖችም ሄኖክ አላቸው። በታላቅ ዋጋ ዕንቁ ውስጥ ስሚዝ በራእይ ተቀበልኩት ባለው ክፍል፣ ሄኖክ እግዚአብሔርን ሲያለቅስ ያየዋል። ልብ የሚነካ ምዕራፍ ነው። ግን የእኛው ሄኖክ አይደለም። የእኛው ከክርስቶስ በፊት የተጻፈና ብራናው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። የእነሱ በ1830 የተጻፈ ነው። ደግሞም የእኛ ቁጥር 81 ላይ ቆሟል። የእነሱ ክፍት ነው፤ የዛሬው መሪያቸውም ነቢይ ስለሆነ ነገ ሊጨመርበት ይችላል።

ማስረጃውን በተመለከተ አልሸፋፍንም። በአሜሪካ የተደረገው የመሬት ቁፋሮ መጽሐፉ የሚተርከውን የዕብራውያን ሥልጣኔ አላገኘም። የዘረመል ጥናት የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ከእስያ ጋር ያገናኛል። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ በ2006 በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ከመጽሐፉ ሕዝቦች የተረፉት የእነዚህ ነባር ሕዝቦች "ዋነኛ አባቶቻቸው" ናቸው የሚለውን "ከአባቶቻቸው መካከል" ወደሚል ለውጣለች። መጽሐፈ አብርሃም የሚሉት ደግሞ ስሚዝ በ1835 ከተገዙ የግብፅ ፓፒረሶች ተረጎምኩት ያለው ነው። ከፓፒረሶቹ ቁራጮች ኒውዮርክ ሙዚየም ውስጥ ተገኝተው በ1967 ለቤተ ክርስቲያኗ ተመለሱ። የግብፅ ጥንታዊ ጽሑፍ አዋቂዎች አንብበዋቸው የቀብር ጽሑፍ ሆነው አገኟቸው። ስለ አብርሃም የሚሉት ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያኗም ይህን ተቀብላ፣ ትርጉሙ ቃል በቃል ላይሆን ይችላል የሚል ማብራሪያ አውጥታለች። አማኞቹ መልስ አለን ይላሉ። አንባቢ መዝኖ ይፍረድ።

ለእኛ ለጥቁሮች ደግሞ ሌላ የማይዘለል ነገር አለ። ከ1852 እስከ ሰኔ 1978 ድረስ አፍሪካዊ ዘር ያለው ወንድ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ክህነት መቀበል አይችልም ነበር። እዚያ ክህነት ለጥቂት አገልጋዮች ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ እያንዳንዱ ወንድ አባል ይቀበለዋል። ስለዚህ ጥቁር አባት የገዛ ልጁን ማጥመቅ አይችልም ነበር። በ1978 መሪያቸው ራእይ መጣልኝ ብለው እገዳውን አነሱ። በ2013 ደግሞ ለእገዳው ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች፣ ጥቁር ቆዳ እርግማን ነው የሚለውን ጨምሮ፣ ቤተ ክርስቲያኗ በይፋ አወገዘች። መነሳቱ ጥሩ ነው። ግን እግዚአብሔር በነቢይ በቀጥታ ይመራታል የምትባል ቤተ ክርስቲያን ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት በዚህ ቆየች የሚለው ጥያቄ ለእኔ አልተመለሰም።

የዕለት ኑሮውን ነገር በአጭሩ። ቡና፣ ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ አይነኩም። በ1833 የመጣ ትእዛዝ ነው። ወሎ ላይ ይሄ ቀላል አይደለም። ወዳጃ ላይ ጀበናው ካልተጣደ፣ ዕጣኑ ካልጨሰ ዱአው አይደምቅም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል ጎረቤት አይሸኝም። ሽማግሌ የተጣላውን የሚያስማማው ስኒ ይዞ ነው። ኦርቶዶክሱም አንድ ዘመን ቡናን በጥርጣሬ ያይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ነው የለመደው። አንድ የደሴ ሰው ሞርሞን ቢሆን ጎረቤቱ ከትምህርቱ በፊት የሚያየው ስኒውን ሲመልስ ነው።

ቁርባናቸው ዳቦና ውሃ ነው፤ ወይን የለም። ለመታሰቢያ እንጂ ወደ ሥጋ ወደሙ ተለወጠ ብለው አይደለም። ቤታቸው ላይ መስቀልም አያደርጉም፤ የሞተውን ሳይሆን ሕያው የሆነውን ክርስቶስን እናስባለን ይላሉ። መስከረም 21 ግማደ መስቀሉ ወዳለበት ግሸን በደሴ በኩል ሲተም ለኖረ ሕዝብ ይሄ እንግዳ ነው። የሚጠመቁት በ8 ዓመት ነው። እኛ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን እናስጠምቃለን። ጴንጤው አምኖ ሲናገር ያጠምቃል። ሞርሞኖች የማንንም ጥምቀት አይቀበሉም፤ ከየትም የመጣ ሰው ዳግም ይጠመቃል። በሌላ በኩል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የፕሮቴስታንትን ጥምቀት የምትቀበል ሆና ሳለ የሞርሞኖችን ግን በ2001 ትክክል አይደለም ብላ ወሰነች። የሚሉት ቃል "በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም" የሚለው ያው ነው። ቫቲካን ያየችው በቃሉ ማንን እንደሚጠሩ ነው።

እንግዲህ ክርስቲያን ናቸው? ክርስቶስ ከድንግል ተወለደ፣ ለኃጢአታችን ሞተ፣ ተነሣ፣ ይመጣል ይላሉ፤ ከልባቸው ነው የሚሉት። ክርስቲያን አይደላችሁም ሲባሉ ያዝናሉ፤ ማዘናቸው ይገባኛል። ክርስትና ማለት በኒቂያ የተመሰከረው የሥላሴ እምነት ነው ለሚል ግን ከዚያ ውጭ ናቸው። እኔም በዚህ መስፈሪያ ነው የማየው። ለአክስት ልጅ የምሰጠው መልስ "በክርስቶስ ያምናሉ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን ግን አይቀበሉም" የሚል ነው።

አንድ ነገር ሳላነሳ ብቀር ግን ግፍ ይሆንብኛል። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሎን እንዴት እንዳደረጋት የደሴ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል። የረሃብተኞች መጠለያ የነበረባት ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ሞርሞኖች በወር አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሁለት ጊዜ የሚበሉትን ትተው ይጾማሉ፤ የምግቡን ዋጋ ለድሃ ይሰጣሉ። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. አሜሪካና ካናዳ ያሉ አባሎቻቸው በተለይ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ጾሙ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፣ በእርዳታ ድርጅቶች በኩልም ደረሰ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራው የእርዳታ ክንፋቸው መነሻውን ከዚያ ጾም ይቆጥራል። ረቡዕ ዓርቡን የሚጾም፣ ረመዳንን የሚጾም ሕዝብ ይሄን ያልፈዋል ብዬ አላስብም። ስለ ሥላሴ የሚያስተምሩትን ባንቀበልም ያ ገንዘብ የመጣው የእኛን ስም እየጠሩ ከጾሙ ሰዎች ነው።

በመጨረሻ፣ ለወሎ ቤተሰብ የበለጠ ቅርብ የሚሆነው ጉዳይ የሙታን ጥምቀት ነው። ሞርሞኖች ሳይጠመቅ ለሞተ ሰው በሕይወት ያለ ዘመዱ ወይም ሌላ አባል በቤተ መቅደስ ይጠመቅለታል። አንደኛ ቆሮንቶስ 15 ቁጥር 29ን ይጠቅሳሉ። የሞተው ሰው በመንፈስ ዓለም ሆኖ ሊቀበለውም፣ ሊመልሰውም ይችላል ይላሉ። የዘር ሐረግ በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚሰበስቡትም ለዚህ ነው። እኛም ለሙታን እናስባለን። ፍትሐት አለ፣ አርባ አለ፣ ተዝካር አለ። ጋብቻ ሲታሰብም ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ግን ለሞተ ሰው ጸልየን ምሕረት እንለምናለን እንጂ በስሙ አናጠምቅም።

የወሎ ሰው ሰባት ቤት ሲቆጥር ደግሞ ሁለት ሃይማኖት ሳያገኝ አይጨርስም። አባቱ ተክለ ስብሐት ቢሆን የአባቱ አያት ሀጂ ናቸው። የእናቱ እናት ቁርዓን የሚቀሩ ሰው ነበሩ። አሜሪካ ሄዶ ሞርሞን የሆነ ልጅ የእኒህን ሰዎች ስም መዝገብ ላይ ቢያስገባ፣ ለሀጂ በስማቸው ጥምቀት ሊፈጸም ይችላል። በናዚዎች የተጨፈጨፉ አይሁዳውያን ስም ላይ ይሄ ተደርጎ ከፍተኛ ቅሬታ ስለተነሳ በ1995 ለማቆም ስምምነት ተደርጓል። አባላት የሚያስገቡት የራሳቸውን ዘመዶች ብቻ እንዲሆን፣ ባለፉት 110 ዓመታት የተወለደ ሰው ከሆነ ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ፈቃድ እንዲጠየቅ የሚል ደንብም አላቸው። ከዚያ በፊት ለተወለዱት ቅድመ አያቶች ግን ዝምድናው ይበቃል። ያ ልጅ ስሙን ከማስገባቱ በፊት ደሴ ደውሎ የሀጂን ልጆችና የልጅ ልጆች ቢጠይቅ ጥሩ ነው። እኛም አያቶቻችን ባመኑት እንዲቆዩ የምንፈልግ ከሆነ ሲደውል ሳንሳደብ፣ በግልጽ "አይሆንም፣ ሀጂን ተዋቸው" ልንለው ይገባል።